ሰባት ቀን ጠጥቷል

«ለፕሮግራሙ የሚሆን ቦታ የለውም። የሆነ ነገር ማጥፋት አለብን» አለች የሟቹ የሥራ ባልደረባ፣ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ።

ከቀብር ከተመለሱ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ሳሎኑ ዙሪያውን በተውሶ ወንበር ተሞልቷል። ለቀስተኛው ሻይውን ይዞ ዝም ብሏል፤ ዝም ያለው ግን ከሐዘኑ ይልቅ ለማዳመጥ ይመስላል። የሟቹ ሚስት፣ የቤቱ ምራት፣ ከወንበሯ ተነስታ በሴትዮዋ ትከሻ በኩል አጎንብሳ አየች። የባሏ ፋይሎች ተዘርዝረዋል፤ ፊልሞች፣ የእግር ኳስ ጨዋታዎች፣ የሠርጉ ቪዲዮ፣ «ኋላ የማየው» የሚል ፎልደር።

«ፊልሞቹን አጥፊያቸው» አለች። «ኳሱንም። ሠርጉን ብቻ ተይልኝ።»

አንዱን ባጠፉ ቁጥር ኮምፒውተሩ እርግጠኛ ናችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እሷም በጠየቀ ቁጥር በዝግታ «አዎ» ትላለች፤ የምትመልሰው ለማሽኑ ነው። «ኋላ የማየው» ላይ ሲደርሱ ድምጿ ጠፋ። ባልደረባው ጠብቃ ጠብቃ ራሷ ተጫነችው።

የሟች አባት ይህን ሁሉ ከጥግ ሆኖ ያያል። ሰፈርተኛው ቱንቢ ይለዋል። ቱንቢ ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያይበት፣ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ክር ነው። አርባ ዓመት ሲገነባ አንድም የተንጋደደ ግድግዳ ስላልወጣው የተሰጠው ስም ነው። ጉልበቱ ሲደክም መገንባቱን ትቶ ከቤቱ ጀርባ ብሎኬት ማምረት ጀመረ። ለሚያየው ሰው ሐዘን ያጎበጠው ሽማግሌ ነው። ሐዘኑም እውነት ነው፤ ዛሬ ያጎበጠው ግን ፍርሃት ነው። የሚጫነው ፕሮግራም ሳይሠራ እንዲቀር በልቡ እየለመነ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ የግንባታ ዕቃ የሚፈተሽበት ላብራቶሪ ውስጥ ይሠራ ነበር። ብሎኬቱን ማሽን ውስጥ ያስገባል፣ እስኪሰበር ይጨምቀዋል፣ የቻለውን ጭነት ይመዘግባል፣ ከዚያ አለፈ ወይም ወደቀ ብሎ ይጽፋል። ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ መጋዘን ግድግዳው ተሰነጠቀ ሲባል ሊያይ ሄደና ግድግዳው ወደቀበት። ብሎኬቱ የአባቱ ነበር። የላብራቶሪው ኃላፊ የዚያን ብሎኬት ውጤት አምጣ ሲባል፣ የቢሮው ኮምፒውተር ተበላሽቷል፣ ልጁ አሳልፎት ይሆናል እንጂ እኔ ምን አውቄ አለ። ወሬ እግር አያጣም። ገና ከቀብር ሳይመለሱ «ለአባቱ ብሎ ነው ያሳለፈው፤ የገዛ እጁ በላው» ተባለ።

ምራቲቱ ይህን የሰማችው ሻይ ልትቀዳላቸው ከኋላቸው የመጣችባቸው ሁለት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ነው። ሻዩን ቀዳችላቸው። ከዚያ ጓዳ ገብታ ለባልደረባው ደወለችላት።

ባልደረባው ቢሮ ውስጥ ቀጭኗ የሚሏት፣ ከሟቹ ጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ የምትሠራ ሴት ናት። ውጤቱ የቢሮው ኮምፒውተር ላይ ብቻ እንደማይቀመጥ ነገረቻቸው። የአሥራ አንድ ላብራቶሪዎች ውጤት በብሎክቼይን ነው የሚያዘው፤ አባል የሆነ ሰው ፕሮግራሙን ኮምፒውተሩ ላይ ከጫነ መዝገቡን በሙሉ ከሌሎቹ ይቀበላል። የእሷን አባልነት ኃላፊው በዚያው ሰሞን ዘግቶባታል። የሟቹን ለመዝጋት ግን ማንም አላሰበም። ላፕቶፑን በቅርቡ ስለለወጠ ፕሮግራሙን ገና አልጫነበትም እንጂ፣ የአባልነት ቁልፉ ያለበት ፍላሽ ከቤቱ ቁልፍ ጋር ታስሮ፣ ከልብሱ ጋር በፌስታል ሆኖ ከሆስፒታል ተመልሷል።

«ብሎክ ነው ያልሽው?» አለ ቱንቢ። ከቀብር ወዲህ ሰው የሰማው የመጀመሪያ ንግግሩ ነው።

«አዎ፣ አባባ። የየቀኑ ውጤት አንድ ላይ ታስሮ አንድ ብሎክ ይሆናል። የላይኛው የታችኛውን ማኅተም ይዞ ነው የሚቀመጠው። አንዱን ልቀይር ያለ ከላዩ ያለውን በሙሉ ማፍረስ አለበት፤ ያውም በሁሉም ላብራቶሪ።»

«እና ይሄ ማሽን አሁን ምን ሊያደርግ ነው?»

«ከመሠረቱ ይጀምራል። የመጀመሪያውን ብሎክ ያመጣል፣ ይፈትሸዋል፣ ያስቀምጠዋል። ሁለተኛውን ከላዩ። ዝላይ የለውም። ኢንተርኔቱ ደካማ ስለሆነ ሁለት ቀን ይፈጅ ይሆናል።»

ለቀስተኛው ራሱን ነቀነቀ፤ የገባው ግን የለም። ቱንቢን ገባው። ግድግዳ ነው። ረድፍ በረድፍ ከታች የሚወጣ ግድግዳ ነው፣ ከላይኞቹ ረድፎች ባንዱም የእሱ ነገር ተገንብቶበታል።

ቃሉን መጀመሪያ የሰማው ከልጁ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠህ ምን ትሠራለህ ብሎት ነበር።

«ብሎክ እደረድራለሁ፣ አባባ። እንዳንተ።»

«ሲሚንቶውስ?»

«ቁጥር ነው።»

«ቁጥር ደግሞ ምን ያያይዛል?»

«ካንተ ሲሚንቶ በላይ ያያይዛል።»

ቱንቢ እስኪያስለው ሳቀ። እንግዲያው አንድ ኩንታል ቁጥር ላክልኝ አለው። ከዚያ በኋላ ላገኘው ሰው ሁሉ «ልጄም ብሎኬት ነው የሚሠራው፣ በኮምፒውተር» እያለ ሲያወራ ከረመ። ልጁ ሲያወራ ይሰማዋል፤ አንድም ቀን አላረመውም። እንዲህ ያለ ልጅ ነበር። በነገር አይቸኩልም፣ ሰው አያሳፍርም፣ ያልተስማማበትን ነገር እንኳ «እሺ» ብሎ ነው የሚሰማው። ያን «እሺ» የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዳንዱ እሺ ማለት ነው፤ አንዳንዱ ሰምቼሃለሁ ማለት ብቻ ነው።

በማግስቱ ፕሮግራሙ አርባ አንድ በመቶ ደረሰ። ላፕቶፑ የተቀመጠው ቱንቢ አጠገብ፣ ከወንበሩ ጎን ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ከሳሎኑ ሶኬቶች የሚሠራው የእሱ ጥግ ያለው ብቻ ነው። ምራቲቱ «አባባ፣ እንዳይጠፋ ይጠብቁልን» ብላ አደራ አለችው። ቀበሮ በግ ጠብቂ ተባለች ማለት ይኸው ነው።

ለቀስተኛው ለመደው። መጥቶ ያጽናችሁ ይላል፣ ትንሽ ይቀመጣል፣ ከዚያ እንደ በሽተኛ ሙቀት «ስንት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል። አርባ ስምንት። ሃምሳ ሦስት።

ከሰዓት በኋላ ኮንትራክተሩ መጣ። መጋዘኑን የሚያሠራው እሱ ነው። ጥቁር ኮት ለብሷል፤ ምራቲቱን አቅፎ አለቀሰ፤ ለቅሶው የውሸት አይመስልም። ከዚያ ቱንቢ አጠገብ ቦታ ተለቀቀለት። ሻይውን ተቀብሎ፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ በለሆሳስ ጀመረ።

«ይሄ ነገር ሲያልቅ ማንን እንደሚያወጣ ታውቃለህ አይደል?»

ቱንቢ ስክሪኑን አየ።

«በአራተኛው ቀን እንደጫንነው የምናውቀው እኔና አንተ ነን። ልጁ ነው ያሳለፈው ከተባለ ይባል። መቃብር አይታሰርም፣ ወንድሜ። የሚታሰረው ሕያው ነው።» ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ ላፕቶፑ ገመድ አየ። «ገመድ እኮ ነው። እግርም ይነካዋል።»

ተነስቶ ሁሉንም ያጽናችሁ ብሎ ወጣ። ቱንቢ እግሮቹን ወደ ወንበሩ ሥር ሰበሰበ፤ ገመዱን እንዳይነኩበት ይሁን እንዲነኩለት ራሱም አላወቀም።

ብሎኬት ተሠርቶ አይበቃውም፤ ውሃ መጠጣት አለበት። ጧት ማታ እየተርከፈከፈ፣ ቢያንስ ሰባት ቀን። ያልጠጣ ብሎኬት መልኩ ብሎኬት ነው፣ ልቡ አሸዋ ነው። ይህን ቱንቢ ለስንት ሠራተኛ አስተምሯል። የመጋዘኑ ብሎኬት በተሠራበት ሳምንት ግን ውሃ ጠፋ። ኮንትራክተሩ በአራተኛው ቀን መኪና ይዞ መጥቶ በሩ ላይ ክላክስ አደረገ። ቱንቢ አንዱን ብሎኬት አንስቶ በጣቱ አንኳኳው፤ ድምፁ አልጣመውም። ቢሆንም ጫነው። ግድግዳ ሙሉ ጭነት እስኪሸከም በራሱ ጊዜ ይጠነክራል ብሎ ራሱን አሳመነ።

ሳምንት ሳይሞላ ልጁ መጣ። የቆመው ብሎኬት ማምረቻው በር ላይ ነው፤ እጁ ላይ መጻፊያ ይዟል።

«አባባ፣ የመጋዘኑ ብሎኬት ስንት ቀን ጠጣ?»

«ሰባት» አለ ቱንቢ።

ልጁ አየው። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ «እሺ» ብሎ ሄደ።

እንግዲህ ቱንቢን የሚያስፈራው ይህ ነው። መዝገቡ አለፈ ካለ፣ ልጁ ለአባቱ ቃል ብሎ ዋሽቷል፤ ስሙ ከመቃብሩ ጋር ይቆሽሻል፤ አባቱ ግን ይተርፋል። ወደቀ ካለ ልጁ ይነሳል፣ አባቱ ይወድቃል፤ ይህቺ ቤት ውስጥ ሻይ የምትቀዳለት ምራት ባሏን ማን እንደገደለው ታውቃለች። አባት የሆነ ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። ቱንቢ ግን በዚያች ወንበር ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ሲለምን የነበረው «አለፈ በል፣ አለፈ በል» እያለ ነው። ይህን ያወቀው በሦስተኛው ቀን ጧት ነው፤ ከእስር በላይ ራሱን ፈራው።

በዚያው ቀን ቀትር ላይ ከሩቅ የመጡ ዘመዶች ተነሱ፤ ቤተሰቡ ሊሸኛቸው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሳሎኑ ውስጥ ባዶ ወንበር፣ ባዶ ብርጭቆና ቱንቢ ብቻ ቀሩ። ስክሪኑ ዘጠና ሦስት ይላል። ከውጭ የመኪና በር ሲዘጋ፣ ሰው ሲሰነባበት ይሰማል። ቱንቢ ከወንበሩ ወርዶ ተንበረከከ። መሰኪያውን ጨብጦ ነቀለው።

ስክሪኑ ትንሽ ደብዘዝ አለ። አልጠፋም።

ቱንቢ ነቅሎ የያዘውን ገመድ አየ፤ ስክሪኑን አየ። ዘጠና አራት ሆነ። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ እንዳለው የነገረው ሰው የለም። እሱ የሚያውቀው፣ የተነቀለ ነገር ይጠፋል። ይኼ ግን ተነቅሎ እየሠራ ነው፤ ደብዝዞ፣ ዝም ብሎ፣ ብሎክ በብሎክ ላይ እየደረበ ወደ እሱ እየመጣ ነው። «ልጄ» አለ፣ ለማን እንዳለው ሳያውቅ። መሰኪያውን መልሶ ሊሰካ ሲሞክር ቀዳዳው ጠፋበት፤ አንዴ ግድግዳውን፣ አንዴ የራሱን ጣት ወጋ። ሲገባለት ስክሪኑ መልሶ በራ።

«ምን ሆኑ አባባ?» ምራቲቱ በር ላይ ቆማለች።

«ላልቶ ነበር። አጠበቅኩት።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ክንዱን ይዛ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። «እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር።»

ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ፤ እሷም ሲያለቅስ እንዳላየች ሆና ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመረች።

ከመዳፉ ጀርባ የታየው የመጨረሻው ጧት ነው። ልጁ ወደ ሥራ ሲሄድ በማምረቻው አጥር በኩል አለፈ። ሳይገባ፣ አጥሩን በአንድ እጁ ይዞ «አባባ፣ ዛሬ ያን የመጋዘኑን ግድግዳ ላየው ልሄድ ነው» አለው። ቱንቢ አካፋ ይዞ ነበር። በዚያች ቅጽበት ሊናገር ይችል ነበር፤ አራት ቀን ነው፣ አትጠጋው፣ ማለት ብቻ ነበር የሚበቃው። ልጁም የሚጠብቅ ይመስል ቆመ። ቱንቢ «ተጠንቀቅ» አለው። ልጁ «እሺ» ብሎ ሄደ። በኋላ የቀን ሠራተኞቹ እንደተናገሩት፣ ግድግዳው ሥር ምሳ ይበሉ የነበሩትን ሰባት ሰዎች እየጮኸና እየገፋ ያስነሳቸው እሱ ነው። ስምንተኛው ራሱ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ፕሮግራሙ ጨረሰ። ቀጭኗ ከቢሮ ወጥታ በቀጥታ መጥታ ነበር። ወንበሮቹ ሁሉ ወደ ትንሿ ጠረጴዛ ዞሩ፤ ሲንሾካሾኩ የነበሩት ሁለት ሴቶችም ሳይቀሩ። የብሎኬቱን ቁጥር አስገብታ ፈለገች። አንድ መስመር ወጣ። አንገቷን አስግጋ ለራሷ አነበበችው፤ ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ ለሁሉም።

«ሦስት ናሙና። የሚፈለገውን ጭነት የቻለ የለም። ውጤት፦ ወድቋል።»

ምራቲቱ ከተቀመጠችበት ተነሳች። «አላሳለፈም» አለች። ወደ ሁለቱ ሴቶች ዞራ ደገመችው። «አላሳለፈም። ሰምታችኋል?» ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ሳቅና ለቅሶ ተቀላቅለውባት ነበር።

«ማስታወሻም አለው» አለች ቀጭኗ። «አምራቹ አባቴ ነው። ሰባት ቀን ጠጥቷል ብሏል። ግድግዳው እንዲፈርስ ለኃላፊው በጽሑፍ አሳውቄአለሁ።»

ጉርምርምታ ተነሳ። ኃላፊው ደብቆት ኖሯል። ኮንትራክተሩም ያውቃል ማለት ነው። ከሁለቱ ሴቶች አንዷ በሐሜቷ ሳታፍር አልቀረችም፤ ቶሎ ብላ «ሰባት ቀን ከጠጣማ የሽማግሌው ጥፋት አይደለም፤ ሲሚንቶው ነው» አለች። ሌሎቹ ተቀበሏት። ሲሚንቶው ነው። የዘንድሮ ሲሚንቶ ሲሚንቶ ነው እንዴ? አንዱ የቱንቢን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረገው።

ቱንቢ አልተንቀሳቀሰም። ያልለመነው ነገር ተሰጠው። ልጁም ነጻ ነው፣ እሱም ነጻ ነው፤ ኮንትራክተሩ ለራሱ ሲል ትንፍሽ አይልም። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ ዝም ማለት ደግሞ ይችልበታል። ልጁ ሦስት ብሎኬት በገዛ እጁ ሰብሮ፣ ውሸቱን አውቆ፣ ሳይጨምርና ሳይቀንስ አባቱ እንዳለው ጽፎለታል። ጠጥቷል አላለም፤ ጠጥቷል ብሏል ነው ያለው። ያ «እሺ» የት እንደገባ አሁን ታየው።

«ያ መስመር ይፋቃል?» ብሎ ጠየቀ።

«የትኛው፣ አባባ?»

«ሰባት ቀን የሚለው።»

«አይፋቅም። ማንም አይፍቀውም» አለች ቀጭኗ፣ ልታጽናናው ፈልጋ። «ማስተካከያ ካለ ከላዩ ይጨመራል እንጂ የታችኛው እንዳለ ይቀራል።»

«እንግዲያው ጨምሪ።»

«ምን ብዬ?»

«አራት በይ።» ስክሪኑን በጣቱ አሳየ። «አራት ቀን ነው የጠጣው። ውሃ አልነበረም፤ እያወቅኩ ጫንኩት። ሲጠይቀኝ ሰባት ነው አልኩት።» ዓይኑን ወደ ምራቲቱ አነሳ። «በዚያን ቀን ጧት ባልሽ በአጥሩ በኩል አለፈ፣ ልጄ። ወዴት እንደሚሄድ ነገረኝ። ያን ጊዜም አልነገርኩትም።»

ቀጭኗ ምራቲቱን አየቻት፤ ምራቲቱ መሬት መሬት ታያለች። ቀጭኗ ቀስ ብላ ጻፈች። አምራች ነኝ የሚለው ሰው ራሱ መሆኑን ፕሮግራሙ ማረጋገጥ እንደሚፈልግ፣ ኪቦርዱ ላይ ቁልፉን መጫን ያለበትም እሱ እንደሆነ ነገረችውና ላፕቶፑን ወደ እሱ አዞረችለት።

ቱንቢ በሕይወቱ ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም። ሲሚንቶ የሰነጠቀውን ጣቱን ዘረጋ፤ ከቁልፉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ቢገፋው፣ ቢገፋው አልወርድ አለው። ሰው ሁሉ ጣቱን እያየ ነው።

ምራቲቱ ተነሳች። በወንበሮቹ መሀል አልፋ ስትመጣ መንገድ ለቀቁላት፤ ምን ልታደርግ እንደሆነ ያወቀ አልነበረም። አጠገቡ ቆመች። የራሷን ጣት በጣቱ ላይ አድርጋ ተጫነችው፣ አጥንቱ እስኪያመው ድረስ። ቁልፉ ከወረደ በኋላም አላነሳችውም።